ለአቦል ተጠርቶ በበረካ መድረስ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና የምንጠጣ አራት ጸሐፊዎች አለን። ጸሐፊ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ መምህር ነው፤ አንዱ የሞባይል ሱቅ አለው። የሚያገናኘን ኮሜዲ መጻፋችን ነው። ሰሞኑን አንዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ። "የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ አሁን ሲትኮም አይፈልጉም። የሦስት ደቂቃ አጫጭር ነገር ነው የሚሉት፤ ለቲክቶክም የሚሆን።" ሁላችንም ዝም አልን። ባለሱቁ ወዲያው "በቃ የኔን እቆራርጠዋለሁ" አለ። ከእቁብ ዳኛ ሸሽቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለተደበቀ የኮምቦልቻ ሹፌር የጻፈው አርባ ገጽ ነው። እንደ ቋንጣ ሊዘለዝለው!

እኔ አትዘልዝለው ባይ ነኝ።

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። የጣቢያ ፍላጎትም እንደዚያው ነው። እኛ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን "እንዲህ ያለ ነገር እየተፈለገ ነው" የሚለውን ስንሰማ አቦሉ ተጠጥቷል። ድርሰቱ ተጽፎ፣ ስፖንሰር ተለምኖ፣ ተቀርጾ አየር ላይ እስኪውል ዓመት ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚደርሰን በረካው ነው። ለምርቃት ጥሩ ነው፤ ግን ቀጥኗል።

ደግሞ ፍላጎቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ድሮ አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። እሁድ በ120 መዝናኛ ፕሮግራም ኮሜዲያኖቹ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ከመጡ ሰፈሩ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ መጣ። የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ። ብዙም ሳይቆይ ግን የኛም ድራማ ሳሎኑ ሰፋ፣ የቤቱ ደረጃ በዛ፣ የጠፋ ልጅ የማይፈለግበት ቤተሰብ ጠፋ። ኮሜዲ ጸሐፊውም ቀልዱን ትቶ ልጅ ፍለጋ ወጣ።

በ2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። በቢራ ብር የቆመ መዝናኛ ብዙ ነበር፤ ተንገዳገደ። ሕጉን እየወቀስኩ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ የተመልካቹ የሳቅ ፍላጎት በዚያ ሳምንት አልቀነሰም። የቀነሰው የቢራው ብር ነው። በ2014 ደግሞ በዲኤስቲቪ አቦል ቲቪ መጣና የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ ማሠራት ጀመረ። ስሙ ራሱ አቦል! እኛም ተነስተን ሮጥን።

ስለዚህ "ጣቢያው ይህን ይፈልጋል" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ተመልካቹ አይደለም። በጀቱ ነው፣ ስፖንሰሩ ነው፣ አንዳንዴ አዲስ የተሾመው ኃላፊ ነው። ኃላፊው ሲቀየር ደግሞ ያው ይቀየራል።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጣቢያ፣ ስሙ ይቅር፣ ድርሰት ይዤ ሄድኩ። ያነበበው ልጅ "የቤት ሠራተኛዋን ወሎዬ አድርጋት፤ ያስቃል፤ አሁን እሱ ነው የሚሄደው" አለኝ።

"ምን ብላ ነው የምታስቀው?" አልኩት።

"ምንም አትበል። አነጋገሯ ይበቃል።"

እንግዲህ እኛ ደሴ ላይ ቀኑን ሙሉ በዚያ አነጋገር ነው የምናወራው፤ አንዳችንም ከወንበር አልወደቅንም። ወሎ ላይ የሚያስቀው ሌላ ነው። ሠርጋችንን ውሰዱት። የሙስሊም ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያን ለብቻ። አንድ ቤት፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት። አጎትየው ሼህ ናቸው፣ የእናትየው ወንድም ቄስ። ሁለቱም ይመርቃሉ፤ ማን ቀድሞ ይመርቅ የሚለው ብቻውን አንድ ክፍል ይወጣዋል። የኔ ድርሰት ስለ አንድ ጭልፋ ነበር። ጭልፋው ከየትኛው ድስት እንደወጣ ያየ ሰው ጠፋ። ሁለት መቶ እንግዳ ተቀምጧል፤ አንድም ሰው ደፍሮ አይጎርስም። ሼሁና ቄሱ ጓዳ ገብተው ተማከሩና ሲወጡ ባንድ አፍ "ሽሮ ይሠራ!" አሉ።

መልሱ "ሃይማኖት አይነካም" ሆነ። እሺ ብዬ መለስኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጣቢያ አብሮነትን የሚያሳዩ ሥራዎች እፈልጋለሁ አለ። ጭልፋዬን ይዤ በረርኩ። "በጣም ቆንጆ ነው! ግን አሁን እያሰብን ያለነው ቶክ ሾው ነው" አሉኝ።

ልክ ሆኜ ተገኘሁ ማለቴ አይደለም። አልተገዛልኝም። ግን ሠራተኛዋን ወሎዬ አድርጌ ጽፌ ቢሆን ዛሬ በእጄ ምን ይኖር ነበር?

ጣቢያው የሚለውን ጨርሶ አትስሙ አልልም። ልኩን ስሙ። ስንት ደቂቃ፣ ስንት ተዋናይ፣ ስንት ቦታ? ይኼ የሙያው ወግ ነው። እኔ ሠርጉን ስጽፈው ድንኳን ሙሉ ሰው ነበር። አንድ የፕሮዳክሽን ሰው "ለዚህ ሁሉ ሰው አበል ማን ይከፍላል?" ሲለኝ ተናደድኩ። በኋላ ግን ሁሉንም ነገር ጓዳ ውስጥ አደረግኩት። አራት ሴቶች፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ጭልፋ። እንግዳው ከውጭ በድምፅ ብቻ ይሰማል። ከፊተኛው በእጥፍ ያስቃል። ያ የገንዘብ እጥረት ውለታ ውሎልኛል።

ልጅ የሚያሳድግ ሰው የታዘዘውን ቢጽፍም አልፈርድበትም። እኔም ለሳሙና ማስታወቂያ ቀልድ ጽፌያለሁ። ሳሙናው ቢያንስ አረፋ ነበረው። ያ የቤት ኪራይ ነው፤ ተከፈለ፣ አለቀ። የማይገባኝ ኪራዩን ከፍሎ ሲያበቃ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የሌላውን ልብ ትርታ እየገመተ የሚጽፈው ነው።

ባለሱቁ ግን አልሰማኝም። ዘለዘለው። ትናንት የመጀመሪያዋን ሦስት ደቂቃ ቡናው ላይ አነበበልን። አሳቀችን፤ አልዋሽም። ቡና የምታፈላልን እትዬ ግን ረከቦቱ ላይ እንዳጎነበሰች ጠየቀችው።

"ታዲያ ሰውዬው ከቁም ሳጥኑ መቼ ነው የሚወጣው?"

"ለሱ ጊዜ አልበቃም" አላት።