ለቶም እና ለጄሪ ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

‹‹በእኛ ጊዜ›› የሚሉ ሰዎች ባይኖሩን ኖሮ የእሑድ ከሰዓት ቡናችን ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ሰዎች እርስ በርሳቸው ሊጨዋወቱ ይችሉ ነበር! አንዱ ስለ ልጁ ፈተና፣ ሌላዋ ስለ ወገብ ሕመሟ ያወሩ ነበር፤ ይባስ ብሎም ይሳሳቁ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጥፋት የታደጉንን ሊቃውንት ሳላመሰግን ብቀር የጠጣሁት ቡና ይታዘበኛል።

ባለፈው እሑድ የደረሱን ሊቅ አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሰው ናቸው። አንድ ሕፃን ጥግ ይዞ በስልክ ካርቱን ሲመለከት አዩና በቃ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ትውልዱ ጠፋ። ‹‹በእኛ ጊዜ ካርቱን ማለት ቶም እና ጄሪ ነበር! ትምህርት ነበረው! ግብረ ገብ ነበረው!›› ታውቋቸዋላችሁ፤ እናንተም ዘመድ ውስጥ አንድ አይጠፋም።

ግብረ ገቡን አንድ በአንድ አብራሩልን። ድመቱ በመጥበሻ ተመትቶ ፊቱ የመጥበሻውን ቅርጽ ሲይዝ እርሳቸው ትዕግሥት ይማሩ ነበር። ጅራቱ ሶኬት ውስጥ ሲገባ የፊዚክስ መሠረታቸው ተጣለ። ድማሚት እጁ ላይ ሲፈነዳ ጥንቃቄን፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ሲረግፍ የአፍ ንጽሕናን፣ አይጡ የሰው ማቀዝቀዣ ከፍቶ አይብ ይዞ ሲሮጥ ደግሞ ሠርቶ መብላትን ቀሰሙ። ‹‹ሠርቶ ነው ወይስ ሰርቆ?›› ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ቆሎ ጎርሶ ዝም እንዲል ተደረገ። ቶናው ሲቀዳ ገና መጥበሻው ላይ ነበርን፤ ምክንያቱም መጥበሻው ሁለተኛ ትርጓሜ አለው፤ እርሱም የወላጅ ቁጣ ነው። ውሻው የፍትሕ ምሳሌ፣ የቤቱ ባለቤት እመቤት የመንግሥት ምሳሌ መሆናቸውንም ተረዳን። ባለቤታቸው ‹‹ስኒዎ በረደ›› ቢሏቸው፣ ቶምም ሾርባው በርዶበት ሳያውቅ አልቀረም ብለው ቀጠሉ።

ሕፃኑ በመጨረሻ ስልኩን ቢያሳያቸው፣ ሲመለከት የዋለው ራሱን ቶም እና ጄሪን ነው። ሊቁ አላፈሩም። ‹‹ስልክ ላይ ሲሆን ትምህርቱ ይጠፋል፤ እስቲ አምጣው›› ብለው ተቀበሉት፤ በረካ እስኪቀዳ ብቻቸውን እየተንከተከቱ ተመለከቱ። ልጁ ስልኩን ፈልጎ ሲያለቅስም ቀና ሳይሉ ‹‹አያችሁ፣ የዘመኑ ልጅ ትዕግሥት የለውም›› አሉ።

ታሪክ የሚባል ምቀኛ ግን አለ። ሐና እና ባርቤራ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ድመቱንና አይጡን የፈጠሯቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ነው፤ ያኔ የእኛ አርበኞች ከፋሺስት ጋር በየጫካው ይተናነቁ ነበር። የተሠሩትም ለሲኒማ ቤት ሳቅ እንጂ ለግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ አይደለም፤ 7 ኦስካር ያስገኙትም ስላሳቁ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ‹‹የእኛ ጊዜ›› የተባለው ካርቱን ከሊቁ አባት በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። እርሱንም ቢሆን ያዩት ጎረቤት ቤት፣ ከመስኮቱ ውጭ ተንጠራርተው፣ በጥቁርና ነጭ ነው፤ ጄሪ ቡናማ መሆኑን ያወቁት አድገው ነው። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎችም ‹‹ይህ ሣጥን ልጆቹን አጠፋቸው›› ይሉ ነበር፤ ስለ ማን እንደሚሉ እንግዲህ ገምቱ።

ይህ ሁሉ ስለ ልጅነት ሲወራ ቡናውን የቆላችው፣ የወቀጠችውና ስኒውን የምታጥበው የቤት ሠራተኛ ራሷ ልጅ ናት። ከዚያ ሕፃን የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። ‹‹አንቺስ ምን ትመለከቺ ነበር?›› ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ምንም! ውኃ ስትቀዳ፣ ከብት ስታግድ፣ ከዚያም ከተማ መጥታ የሰው ልጅ ስታዝል ካርቱን የምታየው መቼ ነው? ‹‹ልጅነት ተበላሸ›› እያሉ ከልጅ እጅ ሦስተኛ ስኒ መቀበል ነውር ነው። ይህን ነውር ደግሞ ሁላችንም ቁጭ ብለን ‹‹ቡናው እንዴት ይጣፍጣል!›› እያልን ጠጣነው።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ‹‹በከሰል ያልፈላ ቡና ቡና አይደለም›› የሚሉ፣ ግን በዕድሜያቸው አንድም ቀን ከሰል አያይዘው የማያውቁ የእነዚሁ ሊቃውንት የሥጋ ዘመዶችም አሉ፤ እነርሱን ሌላ ጊዜ እናወድሳለን። ለጊዜው አንድ ሐሳብ አለኝ። ያ ሁሉ ጉልበት በከንቱ ከሚባክን፣ በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷ ስልኩን ይዛ ትቀመጥ፤ ለሊቁ ደግሞ ሙቀጫና ዘነዘና ይሰጣቸውና እየወቀጡ ያስተምሩን። ቡናው ሻካራ ቢሆንም ግድ የለም፤ ቢያንስ ዘነዘናው በወረደ ቁጥር አንድ አንድ ቃል ያመልጠናል።