ኧረ ይሄ ገመድ!

ጅማ ውስጥ ካሜራን በገመድ ከላፕቶፕ አገናኝቶ ውጭ ፎቶ ማንሳት አንጀት ያሳርራል። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ሙሽራዋ ልክ ስትስቅ ላፕቶፑ "ካሜራው አልተገኘም" ይላል። አንዱ ሚዜ ገመዱን በእግሩ ነካ አድርጎት አልፏል። በቃ! የካሜራው ዩኤስቢ ቀዳዳ ትንሽ መነካትም አይችልም። የሙሽራው አጎት ደግሞ "አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ አታነሳም እንዴ?" ይሉኛል። ጋሼ፣ የቀሚሱ ጥለት መጥራቱን በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን እንዴት ልየው?

በጣም የሚያበግነኝ ግን የገመዱ ገበያ ነው። ዳታ የሚያስተላልፍ ረጅም ገመድ ስትል የስልክ ቻርጀር ገመድ ያወጡልሃል። አንዳንዱ ከኃይል በቀር ምንም አያሳልፍም። ርዝመትም ገደብ አለው። ተራ ዩኤስቢ 2.0 ገመድ እስከ 5 ሜትር ነው፤ ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ወደ 3 ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ ሲግናል የሚያጎለብት ገመድ ይፈልጋል። ሻጩ ግን ሁለት ማራዘሚያ ይቀጥልና "ይሠራል ወንድሜ" ይልሃል። አይሠራም!

ላፕቶፑም የራሱ አመል አለው። ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን ያጠፋዋል፤ ያንን ሴቲንግ ቀድሞ መዝጋት የግድ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ስክሪኑ አይታይም። ስትገባ ደግሞ የጅማ ዝናብ ዱብ ይላል፣ ሩጫ ነው።

ፀሐዩንና ዝናቡን እችላለሁ። እባካችሁ ነጋዴዎች፣ ትክክለኛውን ገመድና ቀዳዳው ላይ አጥብቆ የሚይዘውን ክሊፕ አስመጡልን። ዋጋውን እንከፍላለን።