«ንዳ!» ላላችሁ ሁሉ

ወገኖቼ፣ ስለ ሞተር ዘይት ልናገር ነው። ቀላል ነገር መስሏችሁ አትለፉት። በዚህ ነገር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሲቋረጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቅር ማለትም አቅቶኛል።

ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ነበርኩ። መኪናው የሾፌሩ የራሱ ነው፤ ዕቁብ ወጥቶለት፣ የጎደለውን ከወንድሙ ተበድሮ ነው የገዛው። ጎሃ ጽዮን ሳንደርስ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ቦታው ተዳፋት ነው። ከቀጂዎቹ አንዱን «እስቲ ዘይቱን እይልኝ» አለው። ሞተሩ ከወንበራችን ስር ስለሆነ እኛን አስወርዶ ወንበሩን አነሳ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አንዴ መዘዘ። በጨርቅ አልጠረገውም። ጫፉን አየት አድርጎ «ሙሉ ነው!» አለና መልሶ ሰካው። ሞተሩ ከጠፋ ገና ደቂቃ አልሞላውም።

ሙሉ አልነበረም! ሞተር ሲሠራ ዘይቱ እየተረጨ መለኪያውን ሽቅብ ይቀባዋል። መጀመሪያ የተመዘዘው አይታመንም። ተጠርጎ፣ እስከ መጨረሻው ተሰክቶ፣ ዳግም ሲመዘዝ ነው ልኩ የሚታወቀው። ተዳፋት ላይ ደግሞ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ መለኪያው በዚያ ወገን ካለ የጎደለው ሞልቶ ይታያል።

ዓባይን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። መጠምዘዣው ላይ እንደገና በራች። «ቁምና እየው» አልኩት። ሰውየው ፍጥነቱን ቀነሰ። ያኔ ከኋላ ጩኸቱ ወረደብን። «ንዳ እንጂ፣ ሊመሽብን ነው!» «ዳገቱ ነው፣ ሜዳ ላይ ይጠፋል!» «ሴንሰሩ ነው፣ የኔም መኪና እንዲህ ያደርጋል!» ሾፌሩ በመስታወቱ ፊታቸውን አየና ነዳ።

መብራቷ ልክ ነበረች። ዘይት ሲያንስ ዳገትና መጠምዘዣ ላይ ከፓምፑ አፍ ይሸሻል። ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ያቺ መብራት የምትበራው ግፊት ሲወርድ ነው። እሷን ጠብቆ ዘይት የሚያይ ሰው ዘግይቷል። ደጀን ሳንደርስ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ ከዚያ ነከሰ፣ ተጣብቆ ቀጥ አለ።

የጮኹት ሰዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? የከፈሉትን እንዲመልስላቸው ጠየቁ። ተቀበሉና በሌላ መኪና ሄዱ። «አይዞህ» ያለው እንኳ የለም። እሱ ሞተር ማሠሪያውን ከየት እንደሚያመጣ እያሰላ መንገድ ዳር ቀረ። ልቤ ተሰበረ።

ምን ነካን? ያላየነውን እንዲህ አፋችንን ሞልተን የምንናገረው ለምንድን ነው? «ዘይት ቢበዛ አይጎዳም» እያለ መለኪያው ላይ ካለው የላይኛው ምልክት አሳልፎ የሚሞላም አለ። ይጎዳል! የሚሽከረከረው ብረት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሞተር አያድንም።

እባካችሁ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ እዩት። ሞቆ ከሆነ አጥፍታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ስኩ፣ ደግማችሁ መዝዙ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ከታችኛው እስከ ላይኛው በብዙ መኪና 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ እዩ። ቀይዋ ከበራች ዳር ይዛችሁ አጥፉ፤ ማንም ቢጮህባችሁ።

የሚሰማኝ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ መናገርም ደክሞኛል። ግን ያን ቀን ከኋላ አንድ ሰው ብቻ «እውነቱን ነው፣ ይቁምና ይየው» ቢል ኖሮ ሾፌሩ ይቆም ነበር። መቆም ፈልጎ ነበር እኮ። በሌላ ጉዞ፣ በሌላ ዳገት ላይ ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ይሆን ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።