በስልክ የተተረጎመ ምጥ

ባለፈው ጥር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአንዲት የአገራችን ልጅ ባል ነው። «እትዬ፣ ምጥ ይዟታል፤ የሚሏት አይገባትም፤ እባክሽ ድረሽልን» አለኝ። የምንኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። ልጅቷ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። በቢጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ።

ሐኪም ቤት ስደርስ የሚያስተረጉሙበት ስልክ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ወንድ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። አዋላጇ የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ስለሆነ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ እንደሚችል በዝግታ አስረዳች። እሱ «ሆድሽን ሊከፍቱት ነው» ብሎ አሳጠረው። ልጅቷ እጄን ጨምቃ «አልሆንም! እናቴን ሳላያት እሞታለሁ!» አለች። አዋላጇ የሰማችው «አልፈልግም አለች» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱኑ መዘገበች።

ልጅቷ ግን ፈርታ ነው እንጂ እምቢ አላለችም። ለምን እንደሚያስፈልግ፣ የሚደነዝዘው ከወገቧ በታች እንደሆነ፣ ባሏ እራስጌዋ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ስነግራት ትንፋሿ ተመለሰና «እሺ፣ ማርያም ታውቃለች» አለች። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ደህና ናቸው።

የአንድ ሌሊት አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት አለ። ከ1990 እስከ 1996 ባሉት ዓመታት በወሊድ ዙሪያ የሞቱ ሕፃናትን መዝገብ የመረመረ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ እናቶች ያጧቸውን 63 ሕፃናት ስዊድን ተወልደው ካደጉ እናቶች ሕፃናት ጋር አነጻጽሮ፣ በሕክምናው ጉድለት የተነሳ ያለቁት፣ ሊድኑ ይችሉ የነበሩት፣ በእኛ በኩል እንደሚበዙ አገኘ። አርፍዶ ሐኪም ቤት መድረስ፣ ኦፕራሲዮንን መፍራት፣ የጽንሱን ዕድገት በቅጡ አለመከታተል፣ አለመግባባት። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፤ የሞቱት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

ስዊድንን ማማት አልፈልግም። የእርግዝና ክትትሉ ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት እንኳ ይህን ክትትል የማግኘት መብት አላት። ከወለድሽ በኋላ ትንሽዬ ባንዲራ የተሰካበት ትሪ በዳቦና በቡና ይዘውልሽ ይመጣሉ፤ ደስ ይላል። አገር ቤት ደም ጠፍቶ፣ አምቡላንስ ዘግይቶ የምትሞተውን እናት ስናስብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን አገር ቤት የተማርነው አንድ ትልቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። አምቡላንሱም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቤት ለቤት መዞራቸውም ረድቷል። ሌላም አለ፦ ብዙ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ለምን እንደሚቀሩ ጠየቁና ገንፎውን እዚያው ማገንፋት፣ ቡናውን እዚያው ማፍላት ጀመሩ። ሩቅ ያለችው ቀኗ ሲደርስ ቀድማ መጥታ የምታርፍበት ማቆያ ሠሩ። አዋላጆቹ ሁሉ ጥሩ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚቆጣ ዛሬም አለ። ቢሆንም ጤና ጣቢያው ወደ እናትየዋ ለመጠጋት ሞክሯል። እዚህ ደግሞ የምትጠጋው እናትየዋ ናት፤ ያውም በማታውቀው ቋንቋ፣ ያውም በምጥ።

መፍትሔው እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የስደተኛ እናቶችን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሴቶች ምጥ ላይ አብረው የሚቀመጡበት አሠራር አላት። ከወሊዱ በፊት ይተዋወቃሉ፤ ሲወለድም አጠገቧ ናቸው። ይሄ ነገር እድል ለቀናቸው እናቶች ብቻ መድረሱ ያሳዝነኛል። የቋንቋ ችግር ላለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ እንደ ደም ምርመራው ገና በክትትሉ ሊያዝላት ይገባል።

እስከዚያው፣ እህቶቼ፣ ቶልክ (አስተርጓሚ) የመጠየቅ መብት አላችሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ «ሴት ቶልክ፣ በአካል» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካርዳችሁ ላይ መጻፉንም አረጋግጡ። ባል ወይም ልጅ አያስተርጉም። ኦፕራሲዮን ምን እንደሆነም በሰባተኛው ወር፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ይነገራችሁ።