መጀመሪያ የጋብቻ መዝገቡን ፈልጉ

በኩቤክ፣ በካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ግዛት፣ ቅድመ አያቶችን ስለመፈለግ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የቤተሰብ ስም መያዝ ይበቃል ይላል። አይበቃም! የሞንትሪያል ልጅ የሆነችውን ባለቤቴን ዘር ስንቆጥር አባትና ልጅ በተለያየ ስም ተጽፈው ሁለት ወር ተንከራተናል።

ጉዱ ከቤተሰብ ስም ቀጥሎ «ዲ» (dit) እየተባለ የሚጨመረው ተቀጽላ ስም ነው፤ ዲ «የሚባለው» ማለት ነው። በ1665 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ከመጣው የካሪኛን-ሳሊየር ክፍለ ጦር ወታደሮች ብዙዎቹ የጦር ስም ነበራቸው፤ አንዱ ላፍለር፣ አበባው፤ ሌላው ሳንሱሲ፣ ሐሳብ የለሽ። የእኛን የፈረስ ስም ያስታውሳል፤ የእነሱ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በተቀጽላው ሲመዘገብ ታገኛላችሁ።

የክርስትና መዝገብ ላይ ደግሞ ወንዱ በአብዛኛው ዦዜፍ፣ ሴቷ ማሪ ናት። ሰው የሚጠራበት ስም ብዙውን ጊዜ ከተደረደሩት ስሞች መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ዦዜፍ ብሎ መፈለግ ድካም ነው።

ደግነቱ ሴቶቹ እንደ እኛዎቹ ካገቡም በኋላ በአባታቸው ቤት ስም ይጻፋሉ። የጋብቻ መዝገቡም በአብዛኛው የሙሽሮቹን ወላጆች፣ እናቶቹንም ጭምር፣ ይጠቅሳል። እኛ ከጋብቻ ወደ ጋብቻ እየወጣን ከ1663 እስከ 1673 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ንጉሥ ወጪ እዚያ ሄደው እንዲያገቡ ከተላኩት ወደ 800 የሚጠጉ ሴቶች ሁለቱ ላይ ደረስን። አማቴ እስካሁን ለጎረቤት ሁሉ እያወሩ ነው።