ማስተካከያ፦ ስለ ማሪና አብራሞቪችና ኡላይ

ባለፈው የቀድሞ ፍቅረኛሞቹ ማሪናና ኡላይ (ሁለቱም በተመልካች ፊት በራሳቸው አካል የጥበብ ስራ የሚያቀርቡ አርቲስቶች ናቸው) ከተለያዩ በኋላ 22 ዓመት ሳይተያዩ ቆይተው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ሞማ ሙዚየም ውስጥ ድንገት ተገናኙ ብዬ የለጠፍኩት ስህተት ነው። ማሪና እዛ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ ፊት ለፊቷ ከሚቀመጡ ተመልካቾች ጋር የምትተያይበት ዝግጅት ነበራት። ስለ ዝግጅቱ የተሰራው ዶክመንተሪ ላይ ከመክፈቻው በፊት ተገናኝተው ሲያወሩ ይታያሉ፣ ስለዚህ "ድንገት" የሚለው አይሰራም። ኡላይ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ የወረደው እንባዋ ግን የእውነት ነው፣ ዝም ብላ መቀመጥ የነበረባት ሴትዮ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው።

የመለያየታቸው ታሪክ ትክክል ነው፤ በ1988 በቻይና ታላቁ ግንብ ላይ እሷ ከባህሩ በኩል እሱ ከጎቢ በረሃ በኩል ተነስተው 90 ቀን በእግራቸው ሄደው መሀል ላይ ተገናኝተው ተሰነባበቱ፣ መጀመሪያ ያቀዱት እኮ እዛው ሊጋቡ ነበር፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው።

የድሮውን ፖስት አርሜዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁት እባካችሁ ይሄንንም ሼር አድርጉልኝ።