አጥንት የሚቀበለው ብረት፦ ከጣና ዓሣ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

በባሕር ዳር በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ ለተሰበረ ሰው ብረት ሲገባለት፣ አስታማሚው የሚጨነቀው ስለ ብረቱ ጥንካሬ ነው። በሰውነት ውስጥ ለዘለቄታው የሚቀር ሰው ሠራሽ አካል ግን፣ ጥርስም ይሁን የዳሌ መገጣጠሚያ፣ ዕድሜው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን በገጹ፣ ማለትም አጥንትን በሚነካው የውጭ ወለሉ፣ ጭምር ይወሰናል። ስዊድናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ታይታኒየም የተባለ ብረት ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልወጣም ባለው ጊዜ የተገለጠው አጥንት ብረትን ሊቀበል እንደሚችል ነበር፤ በ1965 በዚሁ ዕውቀት ለመጀመሪያው ታካሚ ጥርስ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን በአሸዋ መሰል ብናኝ መደብደብና በአሲድ ማሻከር የተለመደው፣ አጥንት ከለሰለሰ ገጽ ይልቅ ሻካራውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው።

ችግሩ ሻካራው ገጽ ለባክቴሪያም መመቸቱ ነው። ባክቴሪያ ቀድሞ ከሰፈረ ራሱን በሚያጣብቅ ሽፋን ይከልላል፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም፤ ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። በተፈጥሮ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ትምህርት ሞልቷል። ሲካዳ የተባለው በራሪ ነፍሳት ክንፍ በዓይን የማይታዩ ሹል ዘንጎች አሉት፤ እነዚህ ዘንጎች ያረፈባቸውን ባክቴሪያ ያለ መድኃኒት እንደሚያፈርሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቷል። ማዕበል የማያላቅቀው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት፣ መስል፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት ኬሚካል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ዓይነት ቁሶችን ለመልበጥ የሚያገለግል ዘዴ አስገኝቷል።

ጣናም በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። በሐይቁና በገባር ወንዞቹ የሚኖሩት፣ በሳይንስ ስማቸው «ጋራ» (Garra) የተባለው ወገን ዓሦች፣ ከአፋቸው በታች የመጣበቂያ አካል አላቸው፤ በፈጣን ውኃ ውስጥ ድንጋይ የሚይዙት በእርሱ ነው። በሐይቁ ውስጥ ከሚኖሩት ዝርያዎች በአንዱ ግን ይህ አካል እጅግ ደክሞ ይገኛል። የቅርብ ዘመዶችን ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው የገጽ ቅርጽ ለመያዝ እንደሚጠቅም ለመመርመር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ብዬ አምናለሁ። በእርግጥ ዓሣው ሲፈልግ ይለቃል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ለአጥንት ሳይሆን፣ ለጊዜው በእርጥብ ሥጋ ላይ ተይዘው ቆይተው ያለ ጉዳት መነሣት ላለባቸው መሣሪያዎች ነው። ሁልጊዜ አጥብቆ መጣበቅም ጥሩ አይደለም፤ ስብራቱ ከዳነ በኋላ የሚወጣ ብረት አጥንት ካቀፈው ሐኪሙን ያስቸግራል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና፣ የሕይወት ሳይንስና የሕክምና ትምህርትን በአንድ ከተማ አሰባስቧል። የእነዚህ ክፍሎች የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በአንድ የጋራ ምርምር ቢሰማሩ፣ ሥራው ብረት የሚያመርት ፋብሪካ እስኪተከል መጠበቅ የለበትም፤ ገጽን መመርመርና ማሻከር በቤተ ሙከራ መጠን ይጀመራል። ዓሦቹ የሚኖሩባቸው ወንዞች ከተበላሹ ግን የሚመረመር ነገር አይኖርም፤ እምቦጭን መከላከልና የወንዝ ዳርን መጠበቅ የዚህ ምርምር አካል ሊሆን ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በማይክሮስኮፕ ያማረ ገጽ በእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ካልጸና፣ ወደ አጥንት ሲገባም በፍትጊያ ከተላጠ ለታካሚው አይጠቅመውምና፣ ቀዶ ሐኪሙ ንድፉ ካለቀ በኋላ እንዲገመግም ከሚጠራ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን የቡድኑ አባል ይሁን።